እንየው በኮሶዬ ሜዳ ላይ ያሳየው አቶም

እንየውና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ የዘወትር ሥራ ምስር መልቀም ነው። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነበር። በረንዳችን ላይ እሱ ዱካ ላይ፣ እኔ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሰፌዱን በመሀላችን አድርገናል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እያንዳንዷን ፍሬ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ያያታል፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ትንሽ ነገር የሚያየው እንደዚያ ነው። ጉሮሮው ውስጥ የበቀለው እጢ ከተጣራ የምስር ሾርባ በቀር ሌላ አያሳልፍለትም። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረበት ድምፁም አልቆ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። "ጥሩዬ፣ ይቺን ጣልሻት እኮ። ጠጠር አይደለችም፣ የጠቆረች ምስር ናት" አለኝ። "ጥርስህን ስትሰብረው ትነግረኛለህ" አልኩት። "በሾርባ ጥርሱ የተሰበረ ሰው ካለ እኔም ልየው" አለና ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ሳቁ ድምፅ አልነበረውም። ሰፌዱ አጠገብ ስልካችን ተቀምጧል። አዲስ አበባ ሄዶ የሚታከመው የጨረር ሕክምና ተራው ሲደርስ የሚደወለው በዚያ ስልክ ነው። የምንጠብቀው ሁለተኛውን ተራ ነበር፤ የመጀመሪያው አምልጦናል፣ እንዴት እንዳመለጠን ወደ ኋላ እጽፈዋለሁ። የጎንደሩ ሐኪም "ጨረሩን ቶሎ ካገኘ ተስፋ አለው፣ ከዘገየ ግን..." ብሎን ነበር። ስለዚህ ምስሩን እየለቀምን ሁለታችንም በየመሀሉ ስልኩን ሰረቅ አድርገን እናያለን፤ ማየታችንን ግን አንዳችን ለሌላችን አንናገርም። ስልኩ አልጮኸም። ምስሩን ለቅመን ጨረስን፣ አጠብኩት፣ ጣድኩት። በማግስቱ ጠዋት ውኃ መዋጥ አቃተው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ ያገኘኋት ሴት ናት። የቋጨሁትን ነጠላ ላሠራችኝ ሴት ላደርስ ከፒያሳ ወደ አዘዞ እየሄድኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ጠጉሯን በሻሽ ያሰረች ደልደል ያለች ሴት ደጋግማ ታየኛለች። በመጨረሻ "እትዬ፣ የመምህር እንየው ባለቤት አይደሉም?" አለችኝ። ነኝ አልኳት። "አላወቁኝም። ኮሶዬ! እኔ እኮ ኤሌክትሮኗ ነኝ" አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። የሚኒባሱ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይሰማ ኖሯል። "ኤሌክትሪክ ከሆንሽማ ለሰፈራችን ድረሺልን፤ መብራት ከጠፋብን ሰነበተ" አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ቲቸር ናቸው?" አለች። ራሴን ነቀነቅኩ። "መቼ?" "ዓመት አልሞላውም" አልኳት። እጄን ያዘችና ሚኒባሱ ቀበሌውን ሁሉ እያለፈ ሲወርድ አልለቀቀችኝም። የሺ ናት። እኔ የማውቃት ቀጭን፣ ከክፍሉ ሯጭ ሁሉ የምትቀድም ልጅ ነበረች። አሁን ኮሶዬ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት፤ የደባርቅ መንገደኛ ወርዶ የሚበላበት። እጄን እንደያዘች እኔ ወደ ኮሶዬ ሄድኩ፤ ሚኒባሱ ወደ አዘዞ ይውረድ እንጂ እኔ ወደ ላይ፣ ወደ ብርዱ ነበር የምወጣው።

ኮሶዬ የተመደብኩት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሆኜ ነው። ከጎንደር በአውቶቡስ ስንወጣ የዕቃ መጫኛው ላይ የዶሮ ቅርጫት፣ የአልጋ ብረትና የጠላ ጋን ተደርድሮ፣ ዳገቱ ላይ አውቶቡሱ ሲያቃስት ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ ይተነፍስ ነበር። ጉርድ ቀሚስ ለብሼ፣ ከላይ የወንድሜን ካፖርት ደርቤ ነው የደረስኩት። ካፖርቱ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል። ልጆቹ "ቄሱ መጡ" እያሉ ስቀውብኛል። ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነበር፤ ማን ምን እንደተባለ አሁን ሁሉም ተደባልቆብኛል። የማስታውሰው ግን ድንች ነው። ጠዋት መንገድ ዳር በብረት ድስት የተቀቀለ፣ ቅርፊቱ የተተረተረ፣ በአዋዜ የሚበላ ድንች። በስሙኒ ሁለት እጅ ሙሉ ይሰጡን ነበር፤ እጃችንን አሙቀንበት ነው የምንበላው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጎንደር እንወርዳለን። ፒያሳ ያ የጣሊያን ፎቅ ጥግ ላይ ከካሴት ቤቱ ዘፈን ይለቀቃል፤ ድምፅ ማጉያው የተሰነጠቀ ስለነበር ወንዱም ሴቷም ዘፋኝ ጉንፋን የያዛቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ አለፍ ብሎ ፎቶ ቤቱ አለ፤ ግድግዳው ላይ አውሮፕላን ተስሎ፣ ሰው መሰላሉ ላይ የቆመ መስሎ ይነሣል። ኬክ ቤቱ ሻይ በሎሚ ሲያቀርብ ብርጭቆው በቆርቆሮ እጀታ ተይዞ ነው። ባለፈው ወር በዚያ ጥግ አለፍኩ። ካሴት ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፣ ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል፣ ኬክ ቤቱ የት ጋ እንደነበረ እኔ ራሴ ልለየው አልቻልኩም። የምጠይቀው ሰው ፈለግኩ፤ የምጠይቀው ሰው እሱ ነበር።

እንየው ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተምር ነበር። የተወለደው ማክሰኝት ነው። ካኪ ሱሪና እናቱ የሠራችለትን አረንጓዴ ሹራብ ከዓመት ዓመት አይለውጥም፤ ክርኑ ሲቀደድ ከሱሪው ቁራጭ ይለጥፍበታል። መጀመሪያ ያነጋገረኝ በፈተና ሰሞን ነው። ያኔ ፈተና የሚባዛው በስቴንስል ነበር። ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ በጽሕፈት መኪና እንመታለን፣ የተሳሳተውን ፊደል በቀይ ማረሚያ እንደፍናለን። የዚያ ማረሚያ ሽታ የጥፍር ቀለም ይመስላል፤ ዛሬም ወጣት ሴቶች ጥፍራቸውን ሲቀቡ ካጠገባቸው አልጠፋም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና "ወይዘሪት፣ ክብ ትመቺልኛለሽ?" አለኝ።

"መኪናው ክብ የለውም። ያለው ዜሮ ነው።"

"ዜሮማ እኔም አለኝ፤ ለተማሪዎቼ የማድለው።"

"ታዲያ ከዚያው ላይ ቀንስ" አልኩት።

አቶም ነበር ሊያሠራኝ የፈለገው። መሀሉ ላይ ነጥብ፣ በነጥቡ ዙሪያ ሦስት ክብ፣ በክቦቹ ላይ ትንንሽ ኳሶች። ስቴንስሉን ወሰደና የመጀመሪያውን ክብ በስሙኒ፣ ሁለተኛውን በቀለም ጠርሙስ ክዳን፣ ሦስተኛውን በብርጭቆ አፍ ዙሪያ መጫር ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሰሙ ተቀደደ። "አቶምህ ፈነዳ" አልኩት። አዲስ ስቴንስል ስሰጠው አንገቱን ደፍቶ "ለነገሩ ሥዕሉ ውሸት ነው" አለኝ።

"ውሸት ከሆነ ምነው ታደክመናለህ?"

"መጽሐፉ ላይ ያለው ይኸው ነው፤ ፈተናውም ከመጽሐፉ ይወጣል። ግን ይቺ ነጥብ ኒውክለስ ከሆነች ኤሌክትሮኑ ብርጭቆ አፍ ላይ አይሆንም። እዚህ ቢሮ ውስጥም አይሆንም።"

"የት ድረስ ሊሄድ ነው?"

"ሐሙስ ወደ ኳስ ሜዳው ነይና እዪ።"

ሄድኩ። ከቢሮ የሚያስወጣኝ ምክንያት ባይኖረኝም ሄድኩ። ሜዳው መሀል ነጭ መሐረቡን አንጥፎ፣ ከኪሱ አንዲት የጤፍ ፍሬ አውጥቶ መሐረቡ ላይ አኖራት። ልጆቹ በዙሪያው ጎንበስ አሉ። "ይቺ ኒውክለስ ናት" አላቸው። "ውስጧ ፕሮቶንና ኒውትሮን ተጠቅጥቀዋል። የአቶሙ ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ እዚህች ላይ ነው ያለው። አሁን ኤሌክትሮን እፈልጋለሁ። ማን ይሮጣል?" የሺ ሮጠች። ሩጪ ሩጪ እያለ ከግቡ ምሰሶ አደረሳት። "አቶሙ ይኸውና" አለ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ። "ኒውክለሱ ጤፍ ቢያክል አቶሙ ይህን ሜዳ ያክላል።" አንዱ ልጅ "በመሀሉስ ምን አለ ቲቸር?" አለው። "ምንም" አለ። "አየር አለ አይደል?" "አየር ራሱ አቶም ነው፤ አቶም ውስጥ አየር ከየት ይመጣል?" ልጁ ሜዳውን ዞሮ አየው። እኔም አየሁት። ያን ሁሉ ባዶ ቦታ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር። ወዲያው የዳይሬክተሩ ዶሮ መጣችና መሐረቡ ላይ አንዴ ጠቅ አደረገች። "ኒውክለሳችንን በላችው!" ብሎ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። እንየው ሳይደነግጥ "ልጆች፣ አሁን የቀረን ኤሌክትሮን ብቻ ነው" አለና ከኪሱ ሌላ ጤፍ አወጣ። ኪሱ ሙሉ ጤፍ ነበር። ከተጋባን በኋላ ሱሪውን ባጠብኩ ቁጥር ከኪሱ ስፌት ጤፍ አራግፋለሁ።

ያኔ ነው ጉሙ የተነሣው። ኮሶዬን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ከቆላው በገደሉ ተስቦ ይመጣና ሰው የገዛ እጁን እንዳያይ ያደርገዋል። መጀመሪያ ግቡ ጠፋ፣ ከዚያ የሺ ጠፋች። "ቲቸር፣ ልመለስ?" ስትል እንሰማለን። "አትመለሺም! ፕሮቶኑ እየሳበሽ ነው፣ ግን አትወድቂበትም!" አላት። "ለምን?" "እሱን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርሺ ይነግሩሻል!" "እስከዚያ ብርድ ይገድለኛል!" አለች፤ ልጆቹ መሬት ላይ ወድቀው ሳቁ። "የት ነሽ?" አላት። "አላውቅም!" ድምፅዋ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ይመስል ነበር። እንየው ፊቱ በራ። "ስሙ ልጆች! ኤሌክትሮን ማለት ይኼ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው መንገድ ይዞ እንደ ፈረስ አይዞርም። እንዳለ ታውቃላችሁ፣ እዚህ ጋ ነው ብላችሁ ግን ጣት አትቀስሩበትም። ኒውክለሱን የከበበ ጉም ነው" አለ። እኔ ካፖርቴ ውስጥ ሆኜ የማየው እሱን ብቻ ነበር፤ እሱም ግማሹ በጉም ተውጧል። እንደማገባው ያወቅኩት እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

በማግስቱ የየሺ አባት ዱላውን ይዞ ቢሮ መጣ። ረጅም ገበሬ ነበር፤ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። "መምህር፣ ሸጋ ሰው መስለኸኝ ነበር። ምነው ልጄን ጉም ውስጥ አቁመህ አስጮህካት?" አለው። "ትምህርት ነው አያ" አለ እንየው። "ድንጋይም ባዶ ነው አልክ አሉ።" "አብዛኛው ባዶ ነው።" "ይኼ ዱላስ?" "እሱም።" "እስቲ በዚህ ባዶ አንዴ ላቅምስህ" ብሎ ዱላውን አነሣ። እንየው ወደ ኋላ አለ። "ባዶ ከሆነ ምነው ትሸሻለህ?" እኔ መኪናው ላይ ተደፍቼ እስቃለሁ። እንየው ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ያስረዳዋል፤ የዱላው ኤሌክትሮኖች የእሱን ኤሌክትሮኖች እንደሚገፉ፣ ሁለት በሬ ሲገፋፋ እንደማለት እንደሆነ፣ የሚያመው መገፋቱ እንደሆነ፣ አቶም ከአቶም ግን እኛ ነካ በምንለው ዓይነት እንደማይነካካ። ሰውየው አዳምጦ አዳምጦ "እንግዲያው ብደበድብህም አልነካሁህም" አለ። "በሳይንስ አልነካኸኝም።" "ዳኛው ፊት እንዲሁ ብለህ ትመሰክርልኛለህ?" ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ተያይዘው ጠላ ሊጠጡ ሄዱ። የዚያን ቅዳሜ እንየው አውቶቡስ መሳፈሪያው ላይ እጄን ያዘኝና "በሳይንስ ከሄድን አልነካሁሽም" አለኝ። "እንግዲያው በሳይንስ ልቀቀኝ" አልኩት። አለቀቀኝም። እሱ ካረፈ በኋላ ገናዦቹ በር ዘግተው ሲገንዙት እኔ ውጭ ነበርኩ። እንደ ደንቡ ነው፤ ማንም አልበደለኝም። በሩን ነክቼ ቆሜ ነበር፤ ሳንቃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

ልጅ አልወለድንም። ኋላ ወደ ጎንደር ተዛውረን፣ ስቴንስሉ ቀርቶ ኮምፒዩተር መጥቶ፣ እኔ በጡረታ ወጣሁ፣ እሱም ወጣ። ከወጣ በኋላም ለጎረቤት ልጆች በረንዳው ላይ ያስተምር ነበር። አንዴ "አቶም ስንት ያንሳል?" ብላ የጠየቀችውን ልጅ "አንዲት የጤፍ ፍሬ ውሰጂ፤ በውስጧ ያለው እያንዳንዱ አቶም ጤፍ እስኪያክል ድረስ አሳድጊያት። ያኔ ፍሬዋ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ትደርሳለች" አላት። ልጅቷ "ማን ሊያበጥራት ነው?" አለችው። ያን ምሽት ሁሉ እያስታወሰ ሲስቅ ነበር። ድምፁ መጎርነን የጀመረው በዚያው ወቅት ነው። ጠመኔው ነው አልን፣ ብርዱ ነው አልን፣ ማርና ዝንጅብል አጠጣሁት። ሐኪም ቤት ስንሄድ እጢው ስም ወጣለት። ሐኪሙ ጨረር ያስፈልገዋል ሲል እኔ ጨረር የሚለው ቃል ጦርነት መሰለኝ። እንየው ግን ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። "ኮባልት ነው?" ብሎ ጠየቀው። ወጥተን መንገድ ላይ በዚያ በተሰበረ ድምፁ ያስረዳኛል። ኮባልት የሚባል ብረት አለ፣ ኒውክለሱ ጤና የለውም፣ እየተረጋጋ ሲሄድ ጨረር ይለቃል፤ ያንን ጨረር አነጣጥረው እጢው ላይ ሲለቁት እጢው መባዛት ያቅተዋል። "ያቺ ጤፍ ናት ጥሩዬ፤ ዶሮ የበላቻት። እሷ ናት እንግዲህ የምታድነኝ" አለኝ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ በማሽኑ አመንኩ። በሌላ አላመንኩም። ተራ አስያዝን፣ የስልክ ቁጥራችንን ሰጠን፣ መጠበቅ ጀመርን።

ጠበል እንሂድ ያለው እሱ ነው። ሰው ሁሉ የሚመስለው እኔ ጎትቼ የወሰድኩት ነው፤ የሳይንስ መምህር ጠበል ምን ይወስደዋል ይላሉ። ከኮሶዬ ሥር ገደሉ ውስጥ ያለው ጠበል እናቱ በሕፃንነቱ ያስጠመቀችበት ነው። "ቁጭ ብለን ስልክ ከምናይ እዚያ ሆነን እንጠብቅ" አለኝ። "ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ቢደውሉስ?" አልኩት። "ስልኩን ለአያ ደሳለኝ እንስጠው" አለ። አያ ደሳለኝ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ማክሰኝት ወፍጮ ቤት አለው። እህል ለሚያስፈጭ ሰው የሰጠውን ቃል የማያጥፍ፣ አደራ ከነፍሱ አብልጦ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ከእሱ የተሻለ ሰው አልነበረንም። ስልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አደረገውና "ሂዱ፣ እኔ አለሁ" አለን። እኛም ሱባኤ ገባን። ጠበሉ በረዶ ነው። እንየው ከገደሉ ሥር ሲጠመቅ ወደ ላይ አንጋጦ ጉሙን ያያል፤ ደስ ብሎት ነበር። ያን ሳምንት እንደ ድሮው ነበርን ማለት እችላለሁ።

እሑድ ወጥተን ጎንደር ስንገባ አያ ደሳለኝ ቤታችን በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ስልኩን ከነጨርቁ አውጥቶ ለእንየው ሰጠው። "አደራህን። ደውለው ነበር" አለ። "መቼ?" አልኩት። "ማክሰኞ። አንዲት ልጅ ናት፣ ሸጋ ልጅ። ሱባኤ ላይ ነው፣ እሑድ ይወጣል፣ ተራውን ያዢልኝ አልኳት።"

"ምን አለችህ?"

"ዓርብ ካልደረሰ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል አለች። ኧረ ይዘሽ ቆዪ፣ ይመጣል አልኳት።" ፊቴን አየና ድምፁ ቀነሰ። "ምነው? ጥፋት አለው እንዴ?"

ወፍጮ ቤት ሄዶ የሚያውቅ ሰው የእሱን ሐሳብ ያውቃል። ሴትዮዋ ጆንያዋን ተራ አስይዛ ትሄዳለች። ለቅሶ ትደርሳለች፣ ገበያ ትውላለች፣ ልጅ ታጠባለች፤ ጆንያው ግን ተራዋን ይዞ ይቆያል። ማንም ጆንያዋን አያልፍም፤ ያለፈ ሰው ስሙ ይጠፋል። አያ ደሳለኝ ሕይወቱን ሙሉ የኖረው በዚህ ነው። ጠበል ላይ ያለ ሰው ተራ ይነጠቃል ብሎ ሊያስብ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ሰው ልኮ ሊያስጠራን ይችል ነበር፤ ሱባኤ ግን አይፈረስም፣ ያውም የበሽተኛ ሱባኤ። ያደረገው ሁሉ ደግ ሰው የሚያደርገው ነው። እኔ አፌን ስከፍት እንየው ክንዴን ያዘኝ። "ደግ አደረግህ አያ። እንደገና ይደውላሉ" አለው። ሽማግሌው እፎይ ብሎ፣ ቤት ገብቶ የቀዳሁለትን ጠጅ ጠጣና ሄደ። በሩ ሲዘጋ እንየው በሹክሹክታ "ጥሩዬ፣ ምን እንደሆነ እንዳትነግሪው" አለኝ። አልነገርኩትም። በማግስቱ ደወልን፤ ልጅቷ በትሕትና ከመጨረሻው እንደምታስገባን ነገረችን። ወደ ኋላ የተገፋነው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምስሩ፣ ስልኩ፣ በረንዳው ነው።

ሚኒባሱ አዘዞ ሊደርስ ሲል የሺ ዓይኗን ጠረገችና "እትዬ፣ ቲቸር አቶም አይጠፋም ብለውን የለ? ቅርጹን ነው የሚለውጥ ብለውን የለ?" አለችኝ። "ብሎ ነበር" አልኳት። "እንግዲያው እዚሁ ናቸው እኮ። አፈሩም ውስጥ፣ አየሩም ውስጥ።" አመሰገንኳት። ያንን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ስቴንስል ላይ የመታሁት እኔ ነኝ፤ እውነት እንደሆነ አውቃለሁ። አያጽናናኝም። አቶሙን ምን ላድርገው? ያው ካርቦን፣ ያው ኦክስጅን ነው፤ በየሺም ውስጥ አለ፣ በሚኒባሱ ወንበርም ውስጥ አለ። ከተቀበረ ሰው ሁሉ የሚተርፍ ነገር ነው። እንየው ማለት ያ ሁሉ በአንድ በኩል ተሰካክቶ "ጥሩዬ" ሲል ነው። ድምፅ ደግሞ አቶም እንኳ አይደለም። እሱው ራሱ ነው ያስተማረን፤ ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው፣ መርገብገቡ ሲያበቃ የሚቀመጥ፣ የሚለቀም፣ ወደ ሌላ የሚለወጥ ነገር አይተርፍም። ይህን ለየሺ አልነገርኳትም። ወርዳ የነጠላውን ጥቅል አቀበለችኝና "ኮሶዬ ይምጡ እትዬ፣ ድንች እቀቅልልዎታለሁ" አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት። የምሄድ አይመስለኝም።

ስልኩ የጮኸው ከአርባው በኋላ ነው። አያ ደሳለኝ ለአርባው እህል ይዞ መጥቶ ገና ቤት ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፎ ዳዊቱን ይደግማል። "አቶ እንየው አሉ?" አለች፤ ያቺው ልጅ ናት። "የሉም" አልኳት። "ተራቸው ደርሷል። በዚህ ሳምንት መምጣት ይችላሉ?" ዳዊቱ ቆመ። ሽማግሌው አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኛል። "አይችልም፤ ለሚቀጥለው ሰው ስጡት" አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ልጅቷ ገባት፤ "እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ" ብላ ዘጋች። "ማን ነው?" አለኝ አያ ደሳለኝ። "የተሳሳተ ቁጥር ነው" አልኩት። "ለሚቀጥለው ሰው ስትይ ሰማሁ" አለ። ዳዊቱን አጠፈና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። "ጆንያ መስሎኝ ነበር እኮ፣ ጥሩወርቅ" አለኝ። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማክሰኝት እወርዳለሁ። አያ ደሳለኝ ብቻውን ከሆነ እህል አይቀምስም። ምሳ አቀርብለትና አብሬው እበላለሁ። ስለ ስልኩ አናነሣም። ሲመሻሽ መኪና ይዤ ጎንደር እመለሳለሁ።